ናሙናው ይጓዝ፣ እናት አትንከራተት፦ ከዋጫ እስከ ጅማ ስለ አንድ ብዙም ስለማይታወቅ የጡት ሕመም

ጡት ሲያብጥ፣ ሲቀላና ሲያም ሰው ሁሉ አፉ ላይ የሚመጣው ሁለት ነገር ነው። የምታጠባ ከሆነች "ወተት ቋጥሮባት ነው" ይባላል። ማጥባት ካቆመች ደግሞ "ኧረ ካንሰር እንዳይሆን" ይባልና ቤቱ ሁሉ ይረበሻል። ሁለቱንም ያልሆነ ሌላ ሕመም እንዳለ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ሕመም ነው። ስለ ሕመሙ ብቻም ሳይሆን፣ ሐኪሞች ለየብቻ ሲያዩት ምን እንደሚበላሽ፣ አብረው ሲያዩት ደግሞ ምን እንደሚድን እናነሳለን።

ስሙ ረዘም ይላል፤ ኢዲዮፓቲክ ግራኑሎማተስ ማስታይቲስ። "ኢዲዮፓቲክ" ማለት በሐኪሞች ቋንቋ መነሻው በውል ያልታወቀ ማለት ነው። "ማስታይቲስ" የጡት መቆጣት ነው። "ግራኑሎማ" ደግሞ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት አንድ ቦታ ተሰባስበው የሚሠሩት በማይክሮስኮፕ የሚታይ ጥቅጥቅ ያለ ስብስብ ነው። ሕመሙን ኬስለርና ዎሎክ የተባሉ ሐኪሞች ራሱን እንደቻለ በሽታ አድርገው የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

ካንሰር አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን ካንሰር ይመስላል፣ ቲቢ ይመስላል፣ ተራ የመግል እባጭም ይመስላል። ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ "ይመስላል" ላይ ነው።

ማንን ነው የሚይዘው?

በብዛት የሚታየው በመውለድ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች ነው። ብዙዎቹ ወልደው አጥብተው ጥቂት ዓመታት ያለፋቸው ናቸው። በአንድ ጡት ላይ ጠንካራ እብጠት ይወጣል፣ ያማል፣ ቆዳው ይቀላል። ከዚያ ይፈነዳና መግል የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል። አንዱ ቀዳዳ ሲደርቅ ሌላው ይከፈታል። የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ሊገባ፣ የብብት ዕጢም ሊያብጥ ይችላል።

በዓለም ላይ ብዙ ታማሚዎችን ያካተቱ ጥናቶች ከወጡባቸው አገሮች ቱርክና ኢራን ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በኢንዲያና ግዛት በሚኖሩ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ባላቸው ሴቶች ላይ ተሰባስቦ የታየውን በሽታ የሚመለከት ሪፖርት አውጥቷል። በአንዳንድ ታማሚዎች ናሙና ውስጥ ኮርኔባክቴሪየም የሚባል የባክቴሪያ ዓይነት ተገኝቷል፤ ሌሎቹ ላይ ግን ምንም ጀርም አይገኝም። የሰውነት መከላከያ በራሱ ጡት ላይ መቆጣቱ ዋናው ነገር እንደሆነ ብዙ ሐኪሞች ይስማማሉ።

ለምን ከዋጫ ተነሳን?

ዋጫን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ከቦንጋ ወደ ሚዛን ስትሄዱ የምታገኟት የጨና ወረዳ ከተማ ናት። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት። ከዚያ ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግ ቦንጋ የገብረጻድቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል አለ። ከቦንጋ በኋላ ጅማ ነው፤ መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። ከጅማ በኋላ አዲስ አበባ፤ ሌላ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ይህ መስመር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የአገራችን የጤና ሥርዓት የተሠራው በደረጃ ነው። በደረጃው መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሰው፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው እንዲያገለግል ታስቦ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቀላሉ ታች ይታከማል፣ ከባዱ ወደ ላይ ይሄዳል።

ደረጃው ግን የተሰላው በሕመሙ ክብደት ነው። ግራኑሎማተስ ማስታይቲስ ደግሞ ከክብደቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ግራ ማጋባቱ ነው። ለሕይወት የሚያሰጋ ስላልሆነ ታች ይቆያል። ስለማይድን ወደ ላይ ይላካል። ላይ ያየው ሐኪም ታች ምን እንደተሠራ የሚነግረው አንድ የሪፈር ወረቀት ብቻ ነው፤ ያውም ከተጻፈና ካልጠፋ።

አራት በር፣ አንዲት ሴት

እንበልና አንዲት የሁለት ልጆች እናት ጡቷ አብጦ ሐኪም ቤት ሄደች። ታሪኩ ምሳሌ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ግን የታወቀ ነው።

መጀመሪያ አንቲባዮቲክ ይሰጣታል። ይህ ስህተት አይደለም፤ አብዛኛው የጡት መቆጣት በአንቲባዮቲክ ይድናል። በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተሻላት ግን ጥያቄው መቀየር አለበት። ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ጥያቄው ሳይሆን አንቲባዮቲኩ ነው። አንዱ ያልቃል፣ ሌላ ይታዘዛል።

ሁለተኛው በር የቀዶ ሕክምና ነው። ያበጠና መግል የያዘ ነገር ሲታይ በስቶ ማፍሰስ ነው የተለመደው። የወረዳ ሆስፒታሎቻችን ላይ ይህን ሥራ የሚሸከሙት በአመዛኙ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው፤ የስንቷን እናት ነፍስ በቀዶ ሕክምና ወሊድ ያዳኑ ናቸው። ለእውነተኛ የመግል እባጭ ሥራቸው ትክክል ነው። በዚህ ሕመም ላይ ግን ቢላ ከባድ ነገር ያመጣል። ሰፊ ቁስል ይከፈታል፣ ቁስሉ አልደርቅ ይላል፣ ያንኑ ጡት ደጋግሞ መቅደድ ይመጣል። መጨረሻ ላይ የጡቱ ቅርጽ ይበላሻል። መግል ካለ በመርፌ መሳብ ይመረጣል፤ ሰፊ ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ አማራጭ ነው።

ሦስተኛው በር ላቦራቶሪ ነው። በቀጭን መርፌ ሕዋስ ይወሰድና ውጤቱ "ግራኑሎማ አለ" ይላል። አገራችን በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ውስጥ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ግራኑሎማ ሲባል ሐኪም ወዲያው ቲቢ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ የጡት ቲቢም በእርግጥ አለ። ችግሩ በማይክሮስኮፕ ሁለቱ እጅግ መመሳሰላቸው ነው። ቀጭን መርፌ የሚያወጣው የተበታተነ ሕዋስ ስለሆነ ለመለየት ብዙ ጊዜ አይበቃም። ቲቢ ሳይኖርባት ቢያንስ 6 ወር የቲቢ መድኃኒት የምትውጥ ሴት ጉበቷን ታደክማለች፣ ጊዜዋንም ታጣለች።

አራተኛው በር የውስጥ ደዌ ነው። እዚህ ስቴሮይድ ይታዘዛል፤ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው። ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው፣ ብዙዎችም ይሻላቸዋል። ነገር ግን ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ሕመሙ በእርግጥ ቲቢ ከነበረ በሽታውን ማቀጣጠል ነው። ሌላም አለ። ስትሮንጂሎይደስ የሚባለው የሆድ ትል እርጥበት ባለበት አፈር በባዶ እግር በኩል ይገባል። ካፋ ዝናብና ጫካ ነው፤ በባዶ እግሩ ማሳ የሚውል ገበሬም አለ። ትሉ ያለበት ሰው ላይ ስቴሮይድ ሲሰጥ በሰውነት ውስጥ ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ስኳርና ደም ግፊትም አስቀድሞ መታየት አለበት።

እንግዲህ አስተውሉ። አራቱም በር ላይ ያሉት ባለሙያዎች በየራሳቸው ትምህርት ትክክለኛውን ነገር ነው የሠሩት። የቀዶ ሕክምና ባለሙያው እባጭ አየ፣ አፈሰሰ። ላቦራቶሪው ግራኑሎማ አየ፣ ጻፈ። ሐኪሙ መቆጣት አየ፣ መድኃኒት አዘዘ። የሁሉንም ወረቀት በፌስታል ይዛ የምትዞረው ሴትየዋ ብቻ ናት። የአራቱን ሐሳብ አንድ ላይ የማምጣቱ ሥራ የወደቀው በእሷ ላይ ነው፤ እሷ ደግሞ የሕክምናውን ቋንቋ አታውቅም። አንዳንዷ አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ ሳይሆን ካፊኖኖ ብቻ ነው የምትናገረው። ጅማ ላይ ስትደርስ የሚያስተረጉምላት ፍለጋ ሌላ ራስ ምታት ነው።

አምስተኛ በርም አለ፤ ዝምታ። "ምች ነው"፣ "ሰው ዓይን ነው" ተብሎ ወራት ያልፋል። ጡት ስለሆነ ለባል ለማሳየት እንኳ የሚታፈር አለ። ሽታው ሰው ጋር እንዳትቀርብ ያደርጋታል፤ ቤተ ክርስቲያንም፣ ገበያም፣ ለቅሶም ትቀራለች።

ቡድን ማለት ስብሰባ አይደለም

በካንሰር በኩል በትልልቅ ሆስፒታሎቻችን ቱመር ቦርድ የሚባል አሠራር እየተለመደ ነው። ቀዶ ሐኪሙ፣ የካንሰር ሐኪሙ፣ ፓቶሎጂስቱና ራዲዮሎጂስቱ በአንድ ታማሚ ላይ ተቀምጠው ይወስናሉ። ይህን ሕመም በብዛት ያዩ አገሮች የደረሱበት መደምደሚያም ተመሳሳይ ነው፤ አንድ ሐኪም ብቻውን አይወስን።

"ቡድን" ሲባል ግን ሁላችንም የሚታየን ትልቅ ሕንፃ፣ ትልቅ ጠረጴዛ፣ ነጭ ካፖርት የለበሱ አሥር ሰዎች ነው። ይህን ዋጫ ላይ መጠበቅ የዋህነት ነው። ለእኛ የሚታየን ቡድን ከሰው ብዛት ይልቅ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

አንድ፣ አንቲባዮቲክ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ካልሠራ ሌላ አንቲባዮቲክ ከመቀየር በፊት አልትራሳውንድ ይታይ።

ሁለት፣ ቢላ ከመንካቱ በፊት ናሙና ይወሰድ። ከቀጭን መርፌ ይልቅ ወፈር ባለ መርፌ ቁራጭ ሥጋ የሚወስደው ኮር ባዮፕሲ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ሕዋሱ ብቻ ሳይሆን አቀማመጡም ይታያል። ካንሰርንም ለመለየት የሚያስተማምነው ይኸው ነው።

ሦስት፣ ናሙናው ለሁለት ይከፈል። አንዱ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ለፓቶሎጂ ይሄዳል። ሌላው ፎርማሊን ሳይነካው ለባክቴሪያ ምርመራና ለቲቢ ጂን ኤክስፐርት ይሄዳል። ፎርማሊን ጀርሙን ስለሚገድል ሁሉም አንድ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ግማሹ መልስ እዚያው ይቀራል። ይህን ለማወቅ ስፔሻሊስት መሆን አይጠይቅም፤ ሁለት ጠርሙስና አንድ የተለጠፈ ማስታወሻ ይበቃል።

አራት፣ ውጤቶቹን በሙሉ አንድ ላይ ያየ ሰው መድኃኒቱን ይወስን። ስቴሮይድ፣ ሜቶትሬክሴት፣ ወይም በቅርብ እየተከታተሉ መጠበቅ። መጠበቅም ሕክምና ነው፤ በአንዳንድ ሴቶች ሕመሙ በወራት ወይም ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ሜቶትሬክሴት ደግሞ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም። ታማሚዎቹ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸውና የቤተሰብ ምጣኔ ባለሙያዋም የቡድኑ አባል ናት ማለት ነው።

አምስት፣ ክትትሉ ቤቷ አጠገብ ይሁን። ስቴሮይድ በአንድ ጊዜ አይቆምም፣ ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው። ቁስሉ መጠረግ፣ ስኳሩ መለካት አለበት። ይህን ዋጫ ያለች ነርስና የቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሊሠሩት ይችላሉ። በየሁለት ሳምንቱ ጅማ ድረስ መመላለስ ግን ቡና ለቀማ ላይ ላለች እናት የማይታሰብ ነው።

ናሙና መጓዝ ይችላል

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይህ ነው። ፓቶሎጂስት በየወረዳው ይኑር ማለት ለዛሬ ምኞት ነው። ፓቶሎጂስቱ የሚፈልገው ግን ሴትየዋን ሳይሆን የጣት ጥፍር የማታክል ቁራጭ ሥጋ ነው። ፎርማሊን ውስጥ የገባ ናሙና በረዶ አይፈልግም፣ ቀናት ይቆያል፣ ምግብና አልጋ አይጠይቅም፣ አስታማሚም አያስከትልም። ታዲያ ለምንድን ነው ሴትየዋ የምትጓዘው?

"ናሙና ማመላለስ እኛ አገር አይሠራም" የሚል ካለ፣ ሠርቷል። የኢትዮጵያ ፖስታ የቲቢና የኤችአይቪ ምርመራ ናሙናዎችን ከጤና ተቋማት ወደ ላቦራቶሪዎች ሲያመላልስ ቆይቷል። አክታ የሚጓዝበት መንገድ ላይ አንዲት የፎርማሊን ጠርሙስ መጨመር አዲስ ፕሮጀክት፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ ጽሕፈት ቤት የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው የማን ሥራ እንደሆነ በጽሑፍ መወሰን፣ ለፓቶሎጂው የሚከፍለው ማን እንደሆነ ማወቅ፣ ውጤቱም ለላከው ሐኪም እንዲመለስ ማድረግ ነው።

ሐሳብ መለዋወጡም እንደዚያው። ሐኪሞቻችን በቴሌግራም ሲማከሩ ይውላሉ፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። አሁን ያለው ግን በትውውቅ ነው። ጅማ የተማረ ጓደኛ ያለው ይደውላል፣ የሌለው ሪፈር ይጽፋል። ይህ ነገር በቀንና በሰዓት ተወስኖ፣ ለምሳሌ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት፣ የዋጫው፣ የቦንጋውና የጅማው ባለሙያ በስልክ የሚገናኙበት ቢሆን ቡድን ተፈጠረ ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የሴት ጡት ፎቶ ነው የሚላከው። ያለፈቃዷ አይነሳ፣ ፊትና ስም አይታይበት፣ በግል ስልክ ላይም አይቅር። የታማሚን ክብር ያልጠበቀ ቡድን ለሴቶች ሌላ የመሸሻ ምክንያት ነው የሚሆነው።

የጤና መድህኑም ጉዳይ አለ። በማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን የታቀፈች እናት ሪፈሩን ተከትላ ስትሄድ ትሸፈናለች። መድህኑ ግን የመኪናውን፣ የአልጋውንና የአስታማሚውን ወጪ አይከፍልላትም። ብዙ ቤተሰብ ላም የሚሸጠው ለመድኃኒት ሳይሆን ለመንገድና ለማደሪያ ነው። ናሙናው ቢጓዝ የሚቀረው ወጪ ይኸኛው ነው።

"ለስንት ሰው ብላችሁ ነው?"

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን፣ ተገቢም ነው። በሽታው ብርቅ ነው። ወባ፣ የእናቶች ሞትና የሕፃናት መቀንጨር ባለበት አገር ለብርቅ በሽታ ሥርዓት ዘርጉ ማለት ቅንጦት ይመስላል።

መልሳችን ይህ ነው። ሥርዓቱ ለብርቁ በሽታ ብቻ አይደለም። ያው ናሙና፣ ያው ጠርሙስ፣ ያው የስልክ ሰዓት ለጡት ካንሰርም ያገለግላል። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች አዲስ የጡት ካንሰር ታማሚ ሆነዋል። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰርም ይኸው ነው። ብዙዎቹ ሐኪም ፊት የሚደርሱት ከረፈደ ነው።

ከነዚህ ውስጥ ደግሞ ጥቂቶቹን የሚይዘው ኢንፍላማቶሪ የሚባለው የጡት ካንሰር ዓይነት ነው። እብጠት እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ ጡቱ በሳምንታት ውስጥ ይቀላል፣ ይከብዳል፣ ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። በጣም ፈጣን ነው። እሱም መጀመሪያ ላይ "ተቆጥቷል" ተብሎ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። ስለዚህ ከአንድ ናሙና የሚወጣው መልስ ለአንዷ "ጡትሽን መቁረጥ አያስፈልግም" ሲሆን ለሌላዋ "ዛሬውኑ ሕክምና ጀምሪ" ነው። ሁለቱን በዓይን ብቻ አይቶ መለየት የሚችል ሰው የለም። ብርቁን በሽታ በትክክል የሚለይ ሆስፒታል ብዙውን በሽታም በጊዜ ይይዛል።

ምን ይደረግ?

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ነው። ክልል መሆን ጥቅሙ እንዲህ ያለውን ነገር አዲስ አበባ ሳይጠብቁ መወሰን መቻል ነው። ክልሉ ጤና ቢሮ አለው፤ ቦንጋም ሚዛንም ዩኒቨርሲቲ አለ። የሚያስፈልገው ባለ አንድ ገጽ የአሠራር ወረቀት፣ የናሙና መስመር፣ የተወሰነ የምክክር ሰዓትና ውጤት ሲመጣ ለታማሚዋ የሚደውል አንድ ሰው ነው። ይህ አንድ ሰው ከሁሉ ይበልጣል እንላለን። ነርስ ሊሆን ይችላል። የሴትየዋን ስልክ የያዘ፣ ወረቀቶቿን አንድ ላይ ያስቀመጠ፣ ካፊኖኖ የሚናገር። ያ ሰው ካለ ፌስታሉን ይዛ የምትዞረው እሷ መሆኗ ይቀራል።

ለእናቶችና ለቤተሰብ ደግሞ ይህን እንላለን። ጡት ላይ ያበጠ ወይም የቀላ ነገር በሁለት ሳምንት ሕክምና ካልተሻለ ተመለሱና "ናሙና ይወሰድልኝ" በሉ። ለመቅደድ ከተወሰነ "መጀመሪያ ናሙና ተወስዷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ስቴሮይድ ከታዘዘ "ቲቢና የሆድ ትል ታይቶልኛል ወይ?" በሉ። የእያንዳንዱን ውጤት ኮፒ ያዙ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ባሎችም አብራችሁ ሂዱ፤ ይህ የሴት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ተከታታዮቻችን፣ በጤና ተቋም ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁ በየሆስፒታላችሁ ናሙና እንዴት እንደሚላክና ውጤት በስንት ጊዜ እንደሚመለስ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ የታማሚ ስምና ፎቶ ግን አትላኩ። የሚሠራ አሠራር ያላችሁም ንገሩን፣ ሌላው ወረዳ እንዲማርበት። ጽሑፉን ለእህቶቻችሁ አጋሩ።